ኤ.ኤስ.ቲ ለብቻው ሲጨምር

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ገበሬ ነኝ። ጤፍ አጨዳ ላይ ሰንብቼ አላስቀምጥ ያለ ድካም ቢይዘኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ደሜን ወስደው ወደ ከተማ ላኩት። ውጤቱ ኤ.ኤስ.ቲ 96፣ ኤ.ኤል.ቲ 41፣ ቢሊሩቢን 0.9 ይላል። «ጉበትህ ተነክቷል» ተባልኩ። ጎረቤት ደግሞ የወፍ መድኃኒት ጠጣ ይለኛል። አረቄ በገበያ ቀን እቀምሳለሁ። ምን ይሻለኛል? (ከፍኖተ ሰላም አካባቢ)

መልስ፦ መድኃኒቱን አይጠጡ። የወፍ በሽታ የሚባለው ዓይን ቢጫ ሲሆን ነው፤ ለዚያ ቢሊሩቢን የተባለው ቢጫ የደም ቀለም 2.5 ወይም 3 ገደማ መድረስ አለበት። ቅጠሉ ራሱም ጉበት ሊመርዝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የበሽታውን ጉዳት ከመድኃኒቱ መለየት ያስቸግራል።

ኤ.ኤስ.ቲና ኤ.ኤል.ቲ ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስሱ ኢንዛይሞች ናቸው። ኤ.ኤል.ቲ በብዛት ያለው ጉበት ውስጥ ነው፤ የእርስዎም ከተለመደው ጣሪያ ከ40 እምብዛም አላለፈም። ኤ.ኤስ.ቲ ግን በጡንቻና በቀይ የደም ሴልም አለ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ የሰነበተ ሰው ኤ.ኤስ.ቲው ለሳምንትና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ሲ.ኬ የተባለው የጡንቻ ምርመራ አብሮ ከጨመረ ጥርጣሬው ከጉበት ወደ ጡንቻ ይዞራል። ናሙናውም ይጠረጠራል፤ ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከሴሎቹ ሳይለይ በመኪና ሲንገጫገጭ ከሄደ ወይም ቱቦው በኃይል ከተናጠ ቀይ ሴሎች ይፈርሳሉ። ያኔ ሴረሙ ይቀላል፣ ፖታሲየም ተለክቶ ከሆነም ያለ ምክንያት ከፍ ይላል። ላቦራቶሪውን ይጠይቁ።

አረቄውም አይታለፍም። ኤ.ኤስ.ቲ የኤ.ኤል.ቲን እጥፍ ሲያልፍ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው መጠጥን ነው። «እቀምሳለሁ» መጠን አይደለምና ስንት መለኪያ እንደሆነ በቁጥር ይንገሩት።

ለሁለት ሳምንት ከባድ ሥራና አረቄ ትተው ያስደግሙ፤ ከሲ.ኬ ጋር የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ፣ አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን)፣ አይ.ኤን.አር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳይ ምርመራ) እና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ሴሎች ቁጥር) ይጨመር። ይህ ትርፍ ወጪ አይደለም። ኤ.ኤስ.ቲና ኤ.ኤል.ቲ የሚናገሩት ሴል መጎዳቱን እንጂ ጉበት ሥራውን መሥራቱን አይደለም፤ ጠባሳ የወረሰው ጉበት ሁለቱንም ጤናማ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሥራውን የሚያሳዩት አልቡሚንና አይ.ኤን.አር ናቸው። አልቡሚን ለመቀነስ ሳምንታት ይወስድበታል፤ አይ.ኤን.አር ግን በቀናት ውስጥ ይለወጣል። ጣና ዳር ውኃ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ከሆነ ቢልሃርዚያም ኤ.ኤል.ቲ ሳይጨምር ጉበት ስለሚጎዳ ሰገራና አልትራሳውንድ ይታይ።

ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለስዎት ወይም ንግግርዎ ከተምታታ ግን ሁለት ሳምንቱን አይጠብቁ፤ ያኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።