የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኢንዲኬተሩ፣ ስቶፕ ሎሱና የሎቱ መጠን

በዚህ እትም ከመሀል አዲስ አበባ ከደረሱን የፎሬክስ (የውጭ ገንዘብ ግብይት) ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ «ቻርቴ ላይ አርኤስአይ፣ ስቶካስቲክና ሲሲአይ የሚባሉ ኢንዲኬተሮች (ከዋጋ የሚሰሉ ጠቋሚዎች) አሉ። ሦስቱም ‹ከመጠን በላይ ተገዝቷል› ስላሉኝ ዩሮ/ዶላር ሸጥኩ። ዋጋው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ላይ ሄደ። ከሦስቱ የቱን ልመን?»

መልስ፦ ሦስት ምስክር ያገኙ መስሎዎት ነበር፤ ያገኙት ግን አንድ ነው። የሦስቱም ጥሬ ዕቃ ያለፉት ካንድሎች (በቻርቱ ላይ የእያንዳንዱን ጊዜ የዋጋ ንቅናቄ የሚያሳዩ ምልክቶች) ዋጋ ነው። ቀመራቸው ቢለያይም የሚለኩት ያንኑ የዋጋውን ፍጥነት ስለሆነ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ።

አርኤስአይ የሚለውን በቁጥር እንየው። ያለፉትን 14 ካንድሎች ወስዶ አማካይ ጭማሪውን ከአማካይ ቅናሹ ጋር ያነጻጽራል። ጭማሪው 6 ፒፕ (ፒፕ የዋጋ ለውጥ ትንሽ መለኪያ ነው፤ በዩሮ/ዶላር 0.0001)፣ ቅናሹ 2 ፒፕ ቢሆን ውድሩ 3 ነው። በዚህ ላይ 1 ደምረው 100ን ለ4 ያካፍሉ፤ 25 ይመጣል። ከ100 ሲቀነስ 75። እንግዲህ 75 ማለት «የጭማሪው ጉልበት የቅናሹ ሦስት እጥፍ ነበር» ማለት ነው፤ «አሁን ይወርዳል» የሚል ቃል የለበትም። ገበያው ጠንካራ አቅጣጫ ሲይዝ አርኤስአይ ከ70 በላይ ብዙ ካንድል ይቆያል። እርስዎም የከሰሩት የገበያውን ጉልበት እንደ ድካም ቆጥረውት ነው።

ሁለቱን ያንሱና የተለየ ሥራ ያላቸውን ይተኩ። አቅጣጫን በዕለታዊው ቻርት ላይ ከ200 ቀን ሙቪንግ አቬሬጅ (ያለፉት 200 ቀናት አማካይ ዋጋ መስመር) ይውሰዱ፤ ዋጋው ከመስመሩ በላይ ከሆነ መሸጥን ይርሱት። የመግቢያ ጊዜን በ4 ሰዓት ቻርት ላይ ከአርኤስአይ ይውሰዱ፤ ወደ 40 አካባቢ ወርዶ ቀና ማለት ሲጀምር ነው የሚጠበቀው። የስቶፕ ሎስን (ዋጋው በተቃራኒ ሲሄድ ትሬዱን የሚዘጋ ትእዛዝ) ርቀት ደግሞ ኤቲአር (ዋጋው በአንድ ካንድል በአማካይ የሚዋዥቅበት ስፋት) ይንገርዎት። ካንድሉ ሳይዘጋ ግን አይግቡ፤ በመሀል 38 ያሳየ አርኤስአይ ሲዘጋ 46 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን ሁሉ አድርገውም ደጋግመው ይሳሳታሉ። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ ከዚህኛው ይበልጣል እንላለን።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ አካባቢ)፦ «300 ዶላር አለኝ። ብሮከሩ (አገበያዩ ድርጅት) 1 ለ 500 ሌቨሬጅ (በመያዣው እስከ 500 እጥፍ የመገበያየት ፈቃድ) ሰጥቶኛል። ዩሮ/ዶላር ላይ በስንት ሎት (የትሬድ መጠን መለኪያ) ልግባ?»

መልስ፦ ከሎቱ አይጀምሩ፤ ብሸነፍ ስንት ልጣ ከሚለው ይጀምሩ። ለአንድ ትሬድ (ግብይት) ከአካውንቱ 1 በመቶ ይበቃል፤ የእርስዎ 3 ዶላር ነው። ቀጥለው ስቶፑን ይለኩ። በ4 ሰዓት ቻርት ላይ ኤቲአር 20 ፒፕ ቢያሳይ፣ በአንድ ተኩል ሲባዛ 30 ፒፕ ይሆናል። 3 ዶላር ለ30 ፒፕ ሲካፈል በፒፕ 10 ሳንቲም ነው። ዩሮ/ዶላር ላይ አንድ ሙሉ ሎት (100,000 ዩሮ) በፒፕ 10 ዶላር፣ 0.1 ሎት 1 ዶላር፣ 0.01 ሎት 10 ሳንቲም ስለሆነ መልሱ 0.01 ሎት ነው። ኤቲአሩ 40 ፒፕ ቢሆንስ? ስቶፑ 60 ፒፕ፣ ኪሳራው በትንሹ ሎትም 6 ዶላር ይሆናል። ያን ቀን አይገባም። ስቶፑን ወደ 30 ፒፕ አጥብቦ መግባት የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ ተራ የገበያ ንቅናቄ ይመታዋል።

0.1 ሎት ቢከፍቱ ያው 30 ፒፕ 30 ዶላር፣ ማለትም 10 በመቶ ይወስድብዎታል። ማንም ሰው ላይ ሊደርስ የሚችለውን አሥር ተከታታይ ኪሳራ ያስቡ። ሁልጊዜ ከቀረው 1 በመቶ እያጡ ከሆነ 271 ዶላር ገደማ ይተርፍዎታል፤ ለመመለስ 11 በመቶ ያህል ማትረፍ ይበቃል። 10 በመቶ እያጡ ከሆነ የሚቀረው ወደ 105 ዶላር ነው፤ ለመመለስ 187 በመቶ ገደማ ማትረፍ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ነው ሰው ተናዶ ሎቱን የሚያበዛው።

ሌቨሬጅ የፒፑን ዋጋ አይለውጥም፤ የሚለውጠው የሚያዘውን መያዣ ነው። አንድ ዩሮ 1.10 ዶላር ቢሆን 0.01 ሎት በ1 ለ 500 ሲከፈት 2.20 ዶላር ብቻ ይያዛል። አደጋው «ይብቃህ» የሚል አጥር መጥፋቱ ነው፤ በ300 ዶላር ከ1.3 ሎት በላይ መክፈት ይፈቀድልዎታል፣ 22 ፒፕ እንኳ ሳይሞላም አካውንቱ ያልቃል። የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ለተራ ደንበኞች በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ ጣሪያውን 1 ለ 30 ያደረገው በዚህ ዓይነት ውል ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑ አካውንቶች እንደሚከስሩ አይቶ ነው።

ዩሮ/ዶላርና ፓውንድ/ዶላርን አብረው ከገዙ ደግሞ ሁለቱም በዶላር ላይ የተያዘ አንድ ውርርድ ስለሆኑ 1 በመቶውን ለሁለት ይክፈሉት።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ «ፓውንድ/የን ሸጬ ስቶፕ ሎስ አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ተመትቷል፤ ቻርቱ ላይ ግን ዋጋው እዚያ አልደረሰም። ብሮከሩ ሰርቆኝ ይሆን?»

መልስ፦ ከመክሰስዎ በፊት የተዘጋበትን ሰዓት ከሂስትሪ (ከአካውንትዎ የግብይት መዝገብ) ላይ ይመልከቱ። ሜታትሬደር (የመገበያያው ፕሮግራም) ቻርቱን የሚስለው በመሸጫው ዋጋ፣ በቢድ ነው። የሸጡት ትሬድ የሚዘጋው ግን በመግዣው ዋጋ፣ በአስክ ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ስፕሬድ ሲሰፋ ቻርቱ ሳይንቀሳቀስ ስቶፑ ይመታል። ይህ በብዛት የሚደርሰው የኒው ዮርክ ቀን ሲዘጋ ነው፤ በአዲስ አበባ ሰዓት በአሜሪካ በጋ ሌሊት 6፣ በክረምታቸው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ። የአስክ መስመሩን ከቻርቱ ማስተካከያ ያብሩት፤ በዓይንዎ ያዩታል። ጠባብ ስቶፕ ይዘው ይህን ሰዓት አይሻገሩ። የተዘጋበት ሰዓት ከዚህ የራቀ ከሆነ ግን የዚያችን ደቂቃ የዋጋ መዝገብ በጽሑፍ ይጠይቋቸው።

ስቶፕ ሎስ የዋጋ ዋስትና አለመሆኑንም ይወቁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊስ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮን ከ1.20 ፍራንክ በታች አላስወርድም ያለበትን ውሳኔ በድንገት ሲያነሳ፣ ዩሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 ፍራንክ በታች ወረደ። የብዙዎች ስቶፕ የተዘጋው ካስቀመጡበት እጅግ ርቆ ነው።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ «መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ስቶፕ ሎሴ ይሠራል?»

መልስ፦ ይሠራል፤ የተቀመጠው ብሮከሩ ሰርቨር ላይ ነው። የሜታትሬደር ትሬይሊንግ ስቶፕ (ዋጋውን እየተከተለ የሚንቀሳቀስ ስቶፕ) ግን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው። ላፕቶፑ ሲጠፋ ስቶፑ በመጨረሻ የደረሰበት ቦታ ላይ ይቆማል፤ ዋጋውን መከተል ያቆማል።