የደንጊ ምርመራ ላይ አይጂጂ ብቻ ፖዘቲቭ ሲወጣ "የድሮ ነው" ተብሎ አይታለፍም

ከድሬዳዋ ሳቢያን ስለ እህትህ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ መልሱን ታች ድረስ እንዳትፈልገው ከፊት ላስቀምጥልህ፣ ዛሬውኑ አስተኝተው ሊያክሟት ወደሚችሉበት ሆስፒታል ውሰዳት፣ ሁለቱንም የሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ወረቀት ይዘህ ሂድ። ቀሪውን እዛ ወረፋ ስትጠብቅ ታነበዋለህ።

ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄውን ባጭሩ ልንገራችሁ። እህቱ 24 ዓመቷ ነው፣ ትኩሳቱ ከጀመራት ዛሬ አምስተኛ ቀኗ። በሁለተኛው ቀን ክሊኒክ ሄዳ ወባ የለም ተባለ፣ ዋይዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ኦ 1:80 ወጣና የታይፎይድ መድሃኒት ተሰጣት፣ ለቁርጥማቱ ደሞ የዲክሎፌናክ መርፌ። ስላልተሻላት ዛሬ ጠዋት ሌላ ቦታ በትንኝ የሚተላለፈውን የደንጊ ቫይረስ ምርመራ አሰሩላት፣ ኤንኤስዋን ኔጌቲቭ፣ አይጂኤም ኔጌቲቭ፣ አይጂጂ ፖዘቲቭ (ሁለቱ አይጂዎች ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርታቸው አንቲቦዲዎች ናቸው)። "አይጂጂ የድሮ ነው የሚያሳየው፣ አሁን ደንጊ የለባትም" ተብለው ወደ ቤት ተመለሱ። ሲቢሲው ላይ ግን ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ከ142 ሺ ወደ 74 ሺ ወርዷል፣ ነጭ የደም ሴል ከ3,200 ወደ 2,400፣ ሄማቶክሪት (ከደሙ ውስጥ የቀይ ሴል ድርሻ በመቶ) ከ38 ወደ 46 ወጥቷል። ትኩሳቱ ሌሊት ለቋታል፣ ሆዷን ግን ያማታል፣ ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ አስመልሷታል። "ትኩሳቱ ስለለቀቃት እየዳነች ነው አይደል?" ነው ጥያቄው።

አይደለም ወንድሜ። ደንጊ ላይ አደገኛው ሰዓት ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው የሚጀምረው፣ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ውስጥ፣ ከዛም 24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። በዛ ሰዓት የደም ስሮች ግድግዳ ይላላና የደሙ ውሃ ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ዙሪያ ይፈሳል፣ የሆድ ህመሙና ማስመለሱም ከማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ ውስጥ ናቸው። ቫይረሱ ከደም እየጠፋ ባለበት ሰዓት ነው ይሄ የሚሆነው፣ አብዛኛውን ጉዳት የሚያመጣው የራሳችን የመከላከያ ሰራዊት ከልክ በላይ ሲነሳ ነው።

አሁን ወደ ካሴቱ፣ መስመር እያወጣ ውጤት ወደሚያሳየው የደንጊ መመርመሪያ። ላብራቶሪ ለሚሰሩ ልጆች ሁሌ የምላቸው ነገር፣ የደንጊ ሪዞልት ያለ ቀን ቁጥር አይነበብም። ኤንኤስዋን ማለት ቫይረሱ ራሱ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታያል፣ ከአምስተኛው ቀን በኋላ መያዝ እየከበደው ይሄዳል። አይጂኤም ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘ ሰው ላይ ከአራተኛ አምስተኛ ቀን ገደማ መውጣት ይጀምርና ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። አይጂጂ ደሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ሰው ከሳምንት በኋላ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ይሄ ሁሉም የሚያውቀው ነው። የሚረሳው ነገር ሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ሰው ከዚህ ውጪ መሆኑ ነው።

የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው። በአንዱ ከተያዝክ ለዛኛው ዕድሜ ልክ ትጠበቃለህ፣ ለሌሎቹ ግን የምትጠበቀው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሌላኛው ዓይነት ሲመጣ ሰውነት የድሮውን ያስታውስና አይጂጂውን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንስቶ በብዛት ያፈሳል፣ አይጂኤሙ ትንሽ ይሆናል ወይ ጭራሽ አይወጣም። ኤንኤስዋኑም ከዛ አይጂጂ ጋር ተጣብቆ ስለሚደበቅ ካሴቱ ኔጌቲቭ ይላል። እህትህ ላይ የወጣው እንግዲህ ይሄው መልክ ነው፣ አምስተኛ ቀን፣ አይጂጂ ብቻ፣ ፕላትሌትና ነጭ ሴል ወርደው። ሁለተኛው ደሞ ከመጀመሪያው የከፋ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ምክንያቱም ያ የድሮው አንቲቦዲ አዲሱን ቫይረስ በደንብ ሳይገድል ይዞት ወደ ሴል ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚ "የድሮ ነው" የተባለው ወረቀት ይበልጥ ሊያስፈራን ነው የሚገባው።

እህትህ ድሬ ተወልዳ ያደገች ከሆነች ደሞ አስታውስ፣ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በላብራቶሪ የተረጋገጠው የደንጊ ወረርሽኝ ድሬዳዋ ላይ ነው የተነሳው፣ ከ11,000 በላይ ሰው እንደተያዘ ተገምቷል። ያኔ ልጅ ነበረች። ቤታችሁ ውስጥ ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞት የከረመ ሰው ካለ እናትህን ጠይቃት፣ ለሐኪሙም ንገረው። የቢጫ ወባ ክትባት ወስዳ ከሆነም ንገረው፣ ቫይረሶቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ አይጂጂው ላይ ሊያደናግር ይችላል። በርግጥ አይጂጂ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፣ ኪቶቹም ይለያያሉ፣ አንዳንዱ አይጂጂው በጣም ሲበዛ ብቻ ነው መስመር የሚያወጣው፣ ሌላው ግን ከዓመታት በፊት የቀረውን ትንሿንም ያነሳል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ከአስር እስከ አስራ አራት ቀን በኋላ ሁለተኛ ደም ተወስዶ የአይጂጂው መጠን አራት እጥፍ ሲጨምር ወይ አይጂኤሙ ሲወጣ ነው። ግን ወንድሜ ያንን ቀን ጠብቀን አይደለም የምናክማት፣ ዛሬ የሚያስፈልገን ሲቢሲው ነው።

ካሴቱን ማን እንዳነበበውም ጠይቅ። የአይጂኤም መስመር አንዳንዴ እንደ ፀጉር ቀጥና በጣም ደብዝዛ ነው የምትወጣው፣ እኔ በመስኮት ብርሃን አጋድሜ ነው የማያት፣ ደብዛዛም ብትሆን መስመር መስመር ነው። ኪቱ በ15 ወይ በ20 ደቂቃ አንብብ ካለ በዛው ሰዓት ነው የሚነበበው፣ ካሴቱ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከሰዓት በኋላ የወጣችን መስመር ፖዘቲቭ ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

ሲቢሲው ላይ ሰው ሁሉ ፕላትሌት ፕላትሌት ይላል፣ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሄማቶክሪቱ ነው። 46 ለሴት ኖርማል ውስጥ ስለሆነ ማሽኑ ምንም ምልክት አላደረገበትም፣ ቀይም የለው ኮከብም የለው፣ ለዛ ነው ማንም ያላየው። ነገር ግን ከሦስት ቀን በፊት 38 ነበረች፣ 8 ጨምራለች፣ 8 ለ38 ሲካፈል 21 ከመቶ ነው፣ በደንጊ ደሞ ከራሷ ከድሮው ቁጥር 20 ከመቶ ሲጨምር የደሙ ውሃ እየፈሰሰ ነው ብለን ነው የምንይዘው። ማሽኑ ከሌላ ሰው ጋር ነው የሚያወዳድራት፣ አንተ ከራሷ ጋር አወዳድራት። ደም ማነስ ያለባት ሴትማ ከ30 ወደ 36 ብትወጣ "እንዲያውም ደሟ ተሻሻለ" ሊሏት ይችላሉ።

ስለ ፕላትሌቱም አንድ ነገር። ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ 19 ሺ ወጣባትና ቤተሰቡ ደም የሚሰጥ ሰው ፍለጋ ከተማውን ሲያስስ፣ ቁጥሩ ስላልገባኝ ስሚር ሰርቼ (ደሙን ስላይድ ላይ ቀብቼ) ማይክሮስኮፕ ስር ከተትኩት፣ የስላይዱ ጭራ ላይ ፕላትሌቶቹ እንደ ወይን ዘለላ ተጣብቀው ተከምረዋል። ደሙ እንዳይረጋ ቱቦው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ነው ያጣበቃቸው፣ ማሽኑ ደሞ የተጣበቀውን እንደ ፕላትሌት አይቆጥረውም። ሰማያዊ ክዳን ባለው የሲትሬት ቱቦ ድጋሚ ቀድቼ ቁጥሩን በ1.1 ሳበዛው 118 ሺ ሆነ። የእህትህ 74 ሺ ከሌላው ሁሉ ጋር ስለሚሄድ እውነት ይመስለኛል፣ ግን በስሚር እንዲያዩላት ጠይቅ፣ የደንጊ በሽተኛ ላይ የሚበዙት ትላልቅ ሰማያዊ ሊምፎሳይቶችም (የነጭ ሴል ዓይነት) አብረው ይታያሉ። ካልደማች ደሞ ፕላትሌት ለመስጠት አትሯሯጡ፣ ቁጥሩ ብቻውን ሲወርድ አይሰጥም።

ዋይዳሉን ብዙ አትስማው፣ ታይፎይድ በበዛበት አካባቢ አንዲት 1:80 ምንም አታረጋግጥም። መድሃኒቱን ትቀጥል ታቁም የሚለውን ሐኪሙ ይወስን። የወባውን ስላይድ ግን ድጋሚ አሰሩላት፣ ድሬ ላይ በ2014 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ ያመጣችው አዲሷ ትንኝ እንደ ደንጊዋ ትንኝ ከተማ ውስጥ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው የምትራባው፣ ሁለቱም በሽታ አንድ ሰው ላይ ሊገኝ ይችላል።

እስክትደርሱ ድረስ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን የሚባል እንዳይሰጣት፣ ያደማል። ፓራሲታሞል ብቻ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ። መጠጣት ከቻለች ኦአርኤስ ትንሽ ትንሽ ትጠጣ። ጎረቤት ነርስ ጠርታችሁ ቤት ውስጥ ግሉኮስ እንዳትሰቅሉላት፣ የሚሰጠው ፈሳሽ ዓይነቱም መጠኑም ሄማቶክሪቷ እየታየ ነው የሚወሰነው፣ ሲያንስ ሾክ ውስጥ ያስገባታል፣ ሲበዛ ደሞ የፈሰሰው ውሃ ሲመለስ ሳንባዋን ያጥለቀልቃል። እጅና እግሯ ከቀዘቀዘ፣ ከተፍገመገመች፣ ድዷ ወይ አፍንጫዋ ከደማ ወረፋ አትጠብቅ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ግባ።

እዛ ስትደርስ እንዲህ በላቸው፣ "አምስተኛ ቀኗ ነው፣ ትኩሳቱ ሌሊት ለቋታል፣ ሄማቶክሪቷ በሁለተኛው ቀን 38 ነበር ዛሬ 46 ነው፣ ሆዷን ያማታል፣ ያስመልሳታል፣ ዲክሎ ተወግታለች።" ይቺን ከተናገርክ ገና ሳይነኳት ግማሹን ታሪክ አገኙት። ከዛ ሄማቶክሪቱን በየስንት ሰዓቱ እንደሚደግሙት ጠይቅ፣ ሽንቷ ስንት ሰዓት እንደመጣም መዝግብ። ማታ የሚወጣውን ቁጥር ላክልኝ፣ የተቀዳበትን ሰዓት ጎኑ ላይ ጻፍበት፣ አብረን እናየዋለን።