የጥናት ዘዴ ለቢዝነስ ሰው ምን ይሠራል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሽያጭ ኃላፊ ነኝ። የጥናት ዘዴን የተማርኩት ለመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ሥራ ላይ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ በጣም ይጠቅምሃል። "ደንበኞች ረክተዋል" የሚል ሪፖርት ጠረጴዛህ ላይ ይመጣል እንበል። የትኞቹ ደንበኞች? ማን ጠየቃቸው? ትተውን የሄዱትስ? ይህን ሳይጠይቁ በጀት ማጽደቅ በጭፍን መወሰን ነው። እኔ ሪፖርት ሲመጣልኝ ቀድሜ የማነበው መደምደሚያውን ሳይሆን መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበ የሚናገረውን ገጽ ነው።

ጥያቄ፦ ብዙ ሰው ከተጠየቀ ውጤቱ አስተማማኝ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ብዛት ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫው ወደ 10 ሚሊዮን ሰዎች መጠይቅ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መለሱለት። ዕጩው ላንደን ያሸንፋል ብሎ ጻፈ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠቅልሎ ወሰደ። አድራሻዎቹ በብዛት የተገኙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ደህና ኑሮ ያለው ሰው ነው። በዚያ ላይ ከአራት ሰው ሦስቱ መልስ አልላኩም፤ የእነሱ ሐሳብ ሳይታወቅ ቀረ። ኢንተርኔት ላይ ለጥፈን የምንሰበስበው መጠይቅም ያው ችግር አለበት፤ የሚመልሰው ወይ በጣም የወደደን ወይ በጣም የተናደደብን ነው።

በትክክል በዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች ግን የስህተቱን ህዳግ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነቱ ሊርቅ የሚችልበትን ልክ፣ ወደ 5 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ያወርዱታል። በግማሽ ልቀንሰው ካልክ 1,600 ሰው ያስፈልግሃል፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። ያ ወጪ ለውሳኔህ የግድ ነው ወይ? ጥናት ከማዘዝህ በፊት አስበው።

ጥያቄ፦ መጠይቅ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ "በዋጋችንና በአገልግሎታችን ረክተዋል?" የሚል ካለሽ አሁኑኑ ለሁለት ክፈይው። ዋጋው ያማረረው፣ አገልግሎቱ ያስደሰተው ሰው ምን ብሎ ይመልስ? ከመላክሽ በፊትም ለአምስት ስድስት ሰው አስነብቢው። ምን እንደገባቸው በራሳቸው አነጋገር ይንገሩሽ። ጉዱ የሚወጣው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ በሙከራ የተወደደ ምርት ገበያ ላይ ለምን ይወድቃል?

መልስ፦ አንዳንዴ የተለካው ሌላ፣ የተወሰነው ሌላ ስለሚሆን ነው። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1985 ጣዕሙን ሲቀይር ወደ 200,000 የሚጠጋ የቅምሻ ሙከራ አድርጎ ነበር። አዲሱ ተወደደ። ቅምሻ ግን ጣዕምን እንጂ ሰው ከድሮው ጋር ያለውን ፍቅር አይለካም። ተቃውሞው በርትቶ ሦስት ወር ሳይሞላ የድሮው ተመለሰ።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያ ከጀመርን ወዲህ ሽያጫችን ጨምሯል። ማስታወቂያው ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ገና ነው። ማስታወቂያው ባልደረሰበት ተመሳሳይ ገበያም እኩል ጨምሮ እንደሆነ እዩ። የበዓል ሰሞን ሊሆን ይችላል፤ ተፎካካሪያችሁ ዕቃ አልቆበት ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ስታወጡ ግማሹን አካባቢ ያለ ማስታወቂያ አስቀርታችሁ አወዳድሩ። የትኛው እንደሚቀር ደግሞ በዕጣ ይለይ፤ ሥራ አስኪያጁ አይምረጥ።