ተፊሊኑ ለምን ይንሸራተታል?

ጥያቄ፦ ከሁለት ወር በኋላ 13 ዓመት ይሞላኛል። የቶራ (የአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት) ንባቤን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ተፊሊን፣ ማለትም አይሁድ ሲጸልዩ በክንድና በራስ ላይ በጠፍር የሚያስሯቸውን፣ የተጻፈበት ብራና የያዙ ሁለት ጥቁር ሣጥኖች፣ ማሰር ግን አልሆነልኝም። የራሱ ሣጥን ወደ ግንባሬ ይወርዳል፣ የክንዱ ጠፍር ይላላል። ከባር ሚጽዋው (ወንድ ልጅ 13 ሲሞላው ለትእዛዛቱ ኃላፊ ከሚሆንበት ሥርዓት) በኋላስ በየጧቱ እንዴት ልዝለቀው?

መልስ፦ መጀመሪያ ቀኑን አጣራ። የሚቆጠረው በዕብራውያን አቆጣጠር ነው፤ ቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚጀምር፣ ከጨለመ በኋላ ከተወለድክ ልደትህ የማግስቱ ነው። አዳር የተባለው የዕብራውያን ወር አንድ ብቻ በሆነበት ዓመት በአዳር ተወልደህ 13ኛህ ሁለት አዳር ባለው ዓመት ከዋለ ደግሞ ሁለተኛውን ጠብቅ። ይህን ያላየ ቤተሰብ ወር ቀድሞ ይደግሳል።

ቀኝ እጅ የሚቀናህ ከሆነ በግራ ክንድህ እሰር፤ ግራኝ ከሆንክ በቀኝህ። ሣጥኑ ጡንቻው ላይ፣ ወደ ልብህ ጥቂት ዘንበል ብሎ ይቀመጥ። ቡራኬውን በል፣ አጥብቅ፣ ከክርንህ በታች 7 ጊዜ ጠምጥም። ጥምጥሙ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ እንደየወጉ ስለሚለያይ የአባትህን ያዝ። የሚላላው አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻው ላይ ሳይጠብቅ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። እጅህ እስኪደነዝዝ ግን አታጥብቀው። የራሱን እስክታስር ወሬ የለም።

የራሱ ሣጥን ሙሉ በሙሉ ፀጉር በሚበቅልበት ቦታ፣ በዓይኖችህ መካከል ትይዩ ይሁን። «በዓይኖችህ መካከል» የሚለውን የቶራ ቃል በቁሙ ወስዶ ግንባሩ ላይ የሚያስር አለ፤ እንዲህ ያለው እንዳልታሰረ ነው። ያንተ የሚወርደው የጠፍሩ ክብ ለራስህ ስለሰፋ ይመስላል። ቋጠሮውን ራስህ አትፍታው፣ የሚያውቅ ሰው ይለካልህ። ቋጠሮው ከማጅራትህ በላይ፣ የራስ ቅልህ ሥር ይረፍ፤ የጠፍሩ ጥቁር ገጽ ወደ ውጭ ይሁን። በመጨረሻ መካከለኛ ጣትህን 3 ጊዜ ጠምጥም። ስትፈታ የጣቱ፣ የራሱ፣ ከዚያ የክንዱ ነው።

በሰንበት (ቅዳሜ) እና በበዓላት ተፊሊን አይታሰርም። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ እንዲያይህ ከፈለጋችሁ ቶራ የሚነበብባቸው ሰኞ ወይም ሐሙስ ይመቻሉ።

መዝለቁን በተመለከተ፣ ፈተናው የሚመጣው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። የተፊሊኑን ቦርሳ ማታ ከልብስህ ጋር አስቀምጥ። ከረፈደብህ «እስራኤል ሆይ፣ ስማ» የሚለውን የሸማዕ ጸሎት ብቻ ብለህ ፍታው። ጧት ካመለጠህም ፀሐይ እስክትጠልቅ ጊዜ አለህ፤ «አለፈኝ» ብሎ መተው የብዙ ጀማሪ ስህተት ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አትርሳው፤ ሙቀቱ ሣጥኑን ያጣምማል፣ የብራናውን ቀለም ያበላሻል።