ቡና የእንቅልፍ ሴሎችን ይገድላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ42 ዓመት ሴት ነኝ። ከሥራ መልስ፣ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ቡና አፍልቼ እስከ በረካ እጠጣለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። በጾም ቀን ቡና ሳልቀምስ ስውል ደግሞ ራሴን ያመኛል። ልጄ «አንጎል ውስጥ ያሉ ደጋፊ ሴሎች የእንቅልፍ ኬሚካል ያመነጫሉ፤ ቡናው እነሱን እየገደላቸው ነው» ትለኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ ልጅዎ የመጀመሪያውን በትክክል ተናግራለች፤ ሁለተኛው ግን ስሕተት ነው።

ደጋፊዎቹ ሴሎች ግሊያ ይባላሉ። ስሙን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያወጣው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ሲሆን፣ በግሪክኛ ሙጫ ማለት ነው፤ ሥራቸው ነርቮችን አያይዞ መያዝ ብቻ መስሎት ነበርና። ከእነዚህ አንዱ አስትሮሳይት የሚባለው ኮከብ መሰል ሴል ነው። ቅርንጫፎቹ ሁለት የነርቭ ሴሎች የሚገናኙበትን ሥፍራ አቅፈው ይይዛሉ። ነርቮቹ መልእክት ሲለዋወጡ በአስትሮሳይቱ ውስጥ የካልሲየም መጠን ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ሴሉ በኃይል ምንጭነቱ የምናውቀውን ኤቲፒ ወደ ውጭ ይለቃል፣ በዚያ ያሉ ኢንዛይሞችም ፎስፌት የሚባሉትን ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሲቆርጡለት አዴኖሲን ይቀራል። አዴኖሲን በነርቭ ሴሉ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገጥም ሴሉን ያቀዘቅዘዋል፤ ነቅተን በቆየን መጠን ስለሚጠራቀምም ማታ ዓይናችን ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ይህ የአስትሮሳይት ልቀት የታገደባቸው አይጦች፣ እንቅልፍ ከተነፈጉ በኋላ እንደ ሌሎቹ አይጦች አካክሰው አልተኙም።

ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ አዴኖሲንን ስለሚመስል ተቀባዩ ላይ ቦታውን ይይዝበታል እንጂ ነርቩን አያቀዘቅዝም። ሴሎቹ አይሞቱም፤ ማመንጨታቸውንም አያቆሙም። በአማካይ በ5 ሰዓት ውስጥ ካፌይን በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የ12 ሰዓቱ ቡናዎ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና በደምዎ ውስጥ ነው። ራስ ምታቱም ከዚሁ ይመጣል፦ ቡና ባልጠጡበት ቀን፣ ያለ ከልካይ የቀረው አዴኖሲን የአንጎልን የደም ሥሮች ያሰፋቸዋል።

እኔም ቡና ወዳጅ ነኝና ይተዉት አልልም። ጀበናውን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይጣዱት፤ ጾም ሲቃረብ ደግሞ በየጥቂት ቀኑ አንድ ስኒ ይቀንሱ። ይህን አድርገው እንቅልፍ ማጣቱ ከሦስት ወር በላይ ከዘለቀ፣ ወይም ራስ ምታቱ ድንገተኛና ብርቱ ሆኖ ከማስታወክ ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ቡናውን ሳይወነጅሉ ወደ ሕክምና ይሂዱ።