ፓስወርዱን ትእዛዙ ላይ አትጻፊው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምሠራው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። አራት ሆነን አንድ የሊኑክስ ሰርቨር እንጠቀማለን፤ ሁላችንም የየራሳችን አካውንት አለን። ማታ ከመውጣቴ በፊት የደንበኞችን ፋይል ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው ፕሮግራም ኢንክሪፕት አደርጋለሁ (በፓስወርድ እቆልፋለሁ)፣ ፓስወርዱንም እዚያው ትእዛዙ ላይ እጽፈዋለሁ። ሰሞኑን አንድ ባልደረባዬ ከወንበሩ ሳይነሳ ፓስወርዴን ፊደል በፊደል ነገረኝ። በጣም ደነገጥኩ። እንዴት አየው? አሁንስ ምን ላድርግ?
ት.፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህታችን፣ ባልደረባሽ አካውንትሽን አልሰበረም። ስለነገረሽ አመስግኚው። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም ስታስነሺ፣ አብረሽ የጻፍሽው ነገር ሁሉ እስኪጨርስ ድረስ ለሌሎቹ ተጠቃሚዎችም ይታያል። እሱ እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረውን «ፒኤስ» የሚባል ትእዛዝ ጻፈ፣ በቃ። ስክሪኑ ላይ ያንቺ ስም፣ ኦፕንኤስኤስኤል፣ ከዚያ «ፓስ» የሚል ቃል፣ ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎ ፓስወርድሽ እንዳለ ወጣለት። ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሥራው ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሚስጥርሽ አደባባይ ላይ ነው። የኦፕንኤስኤስኤል የራሱ መመሪያ ይህን አጻጻፍ ደኅንነት ግድ ለማይሰጥበት ሥራ ብቻ ተጠቀሙበት ይላል።

በዚህ ላይ ትእዛዝሽን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ባሽ፣ የጻፍሽውን ሁሉ ሂስትሪ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ትእዛዙን በባዶ ቦታ ጀምሪው፣ አይመዘገብም የሚሉሽ ይኖራሉ። ኡቡንቱ ላይ እንደተጫነ ካልነካሽው እውነት ነው፣ ግን ፒኤስን አይከለክልም።

መፍትሔው ቀላል ነው። «-pass» ከሚለው ጀምሮ እስከ ፓስወርዱ ያለውን ተዪው፣ ኦፕንኤስኤስኤል ራሱ ይጠይቅሽ። ስትጽፊም ስክሪኑ ላይ አይታይም። ሥራውን ማታ ስክሪፕት የሚሠራልሽ ከሆነ ግን ፓስወርዱን ፋይል ውስጥ አድርጊና ፈቃዱን 600 በይው፤ ያኔ ካንቺና ከሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ በቀር ማንም አያነበውም። ከዚያ ከ«-pass» ቀጥሎ «pass:» ብለሽ ፓስወርዱን በመጻፍ ፈንታ «file:» ብለሽ የፋይሉን አድራሻ ስጪው። አደራ፣ ያን ፋይል ናኖ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ክፈቺና ጻፊው፤ በኤኮ ትእዛዝ ከጻፍሽው ፓስወርዱ ዞሮ ሂስትሪ ውስጥ ይገባል። በፓስወርድ ፈንታ በትልቁ ኬይ (-K) ጥሬ ቁልፍ የምትሰጪ ከሆነ እሱም በፒኤስ ሊታይ ይችላል፣ ተዪው።

አሁን የወጣውን ፓስወርድ ዛሬውኑ ለውጪ። ሂስትሪሽንም አጽጂ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን የድሮዎቹን ፋይሎች ነው። አዲስ ፓስወርድ ስላወጣሽ እነሱ አይለወጡም፣ በአሮጌው እንደተቆለፉ ናቸው። አንድ በአንድ በአሮጌው ፍቺያቸውና በአዲሱ ቆልፊያቸው፤ አሮጌዎቹን ቅጂዎች፣ ፍላሽ ላይ ያሉትንም ጭምር አጥፊ። የደንበኞች ጉዳይ ስለሆነ ይህን ለነገ አትበይው።

ሰርቨሩን የሚያስተዳድረውንም ሰው «ሃይድፒአይዲ» የሚባለውን ማስተካከያ እንዲያበራ ጠይቂው። ያኔ እያንዳንዳችሁ በፒኤስ የየራሳችሁን ሥራ ብቻ ታያላችሁ።