ኬሞ ላይ ያለ ሰው የባህል መድኃኒት ይጠጣ ወይ?

እህቴ፣ «አጎቴ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ተገኝቶበት ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ጀምሯል፤ የባህል መድኃኒት ጎን ለጎን ቢጠጣ ይረዳዋል?» ላልሽው፣ እኛም ቤት የደረሰው ይኸው ነው። የታመመው ታናሽ ወንድሜ ነበር።

1. ከሐኪሙ አትደብቁ። እኛ ደበቅን። እናቴ ከዘጌ በኩል አንድ አዋቂ የሰጣትን ሥር በጀሪካን ዘፍዝፋ ጠዋት ጠዋት በሲኒ ታጠጣው ጀመር። መልኩ የጠላ አተላ ነው። ሐኪሙ «ሌላ የሚወስደው ነገር አለ?» ሲል ሦስታችንም «ኧረ ምንም!» አልን። በሁለት ሳምንት ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጉበቱ ተጎድቷል ተባለና ኬሞው 3 ሳምንት ቆመ። ያኔ ጀሪካኑን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና «ስሙ ምንድን ነው?» አለኝ። አላውቅም። እናቴም አታውቅም።

2. አንዳንዱ ኬሞ ራሱ ከቅጠል የመጣ ነው። ወንድሜ ይወጋ የነበረው ቪንክሪስቲን የሚባል ኬሞ የሚወጣው ለጌጥ ከሚተከል፣ ማዳጋስካር ፔሪዊንክል ከሚባል አበባ ነው። አሜሪካ በፈረንጆቹ 1963 ፈቅዳዋለች። እናቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ምን አልኩ!» አለች። እማዬ፣ ልዩነቱ ልኬቱ ነው! አንድ ግራም ለማውጣት በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር ደረቅ ቅጠል ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ የሚወጋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሚሊግራም አይበልጥም። በዚያችም ጣቱ ደንዝዞ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ነበር። አበባውን ቀቅላችሁ እንዳትሞክሩ፣ መርዝ ነው።

የእኛው አታት የሚባለው ቁጥቋጦ ወገንም ታሪክ አለው። ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ተክል ሜይታንሲን የሚባል ንጥረ ነገር መገኘቱ በፈረንጆቹ 1972 ተገለጸ። የአይጥ ሉኪሚያ ላይ ሠራ፤ ሰው ላይ ሲሞከር ግን ጉዳቱ ስለበዛ ለብቻው መድኃኒት ሳይሆን ቀረ። ጥቁር አዝሙድም ላብራቶሪ ውስጥ የሉኪሚያ ሴል ላይ ተሞክሯል። ወጥ ውስጥ ይግባ፣ ከኬሞ ጋር በማንኪያ መዋጡ ግን ይቅርባችሁ።

3. ውጤት እጃችሁ እንደገባ በስልክ ፎቶ አንሱ። የጉበት ምርመራውን ልወስድ ብሄድ መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ ሳታየኝ «ነገ ና» አለች። በነጋታው «ትናንት ወጥቷል፣ ማን እንደወሰደው አናውቅም።» እንደገና ደም ሰጠ፣ እንደገና ከፈልኩ። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ ዛሬ ባጃጁን ይነዳል፣ ከኔ በላይ ይበላል። አጎትሽም ቪንክሪስቲን ከጀመረ ሆዱ ሊደርቅ ይችላል። ሳይብስበት ለሐኪሙ ንገሩ፤ የኛው አፍሮ ዝም ብሎ አምስት ቀን ተሰቃይቷል።